ለታሰረ ልጅ ዋሱ ማነው?

ሕግ ተላልፎ ለታሰረ ወጣት ትምህርትና የእጅ ሙያ መስጠት ይገባልን ተብሎ ቢጠየቅ፥ አይገባም የሚል ሰው ዛሬ በብዛት አይገኝም። በስብሰባ ላይ ቢነሣ ሁሉም እሺ ብሎ ያልፈዋል። ይህ ስምምነት የአፍ ብቻ መሆኑ የሚታወቀው ግን፥ ስለ ምን ይገባል ብለን የጠየቅን እንደ ሆነ ነው። አንዱ ተመልሶ እንዳይሰርቀን ነው ይላል። ሁለተኛው ለነፍስ ነው፥ ምጽዋት ነው ይላል። ሦስተኛው ብዙ ዝም ብሎ ይቈይና በመጨረሻ፥ «ለመሆኑ ያልሰረቀውስ ልጅ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሦስቱ እኔ የማከብረው ይህን የኋለኛውን ነው፤ በልቡ ያለውን ተናግሯልና። የዛሬው ጽሑፌም ከሁሉ ይልቅ ለእርሱ መልስ ለመስጠት የተጻፈ ነው።

ነገሩ ባዶ ንግግር እንዳይሆን ወደ አንድ አገር እንውሰደው። ጌጫ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከቴፒ ወደ ማሻ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ናት። ዙሪያዋ ደን ነው፤ ይህንም የሸካን ደን ዩኔስኮ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2012 ከዓለም ጥብቅ ሥፍራዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ሕዝቡ እንሰት ይተክላል፥ ቡና ይለቅማል፥ ንብ ያነባል። በአገሩ ልማድ ባለ ቀፎው ከደኑ ውስጥ ቆቦ የሚባል ድርሻ አለው፤ ቀፎውን የሚሰቅለው በዚያ ነው። ቀፎው ከረጅም ዛፍ ላይ ወራት ሙሉ ብቻውን ሲሰነብት አጥር የለው፥ ዘበኛ የለው፤ የሚጠብቀው የሰው መተማመን ነው። ስለዚህ በከተማ ከሱቅ ማር የሰረቀና በጌጫ ከሰው ቆቦ ገብቶ ቀፎ የቈረጠ ጥፋታቸው እኩል አይደለም። ሁለተኛው ከማሩ ጋራ ሌላም ነገር ወስዷል።

እንግዲህ በዚህ አገር የሚኖር አንድ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በሐሳባችን እናቁም። ልጁን የፈጠርሁት እኔ ነኝ፤ ነገር ግን በየወረዳው ፍርድ ቤት ለሚሠሩ አንባብያን እንግዳ እንደማይሆንባቸው አምናለሁ። አባቱ ሞቷል፤ እናቱ በገበያ ቆጮ ትሸጣለች። ትምህርቱን ጀምሮ ትቶታል። አንድ ሌሊት ከጎረቤት ቆቦ ገብቶ ማር ቈረጠ፤ ሽማግሎች ገሠጹት፥ እናቱም ከፈለች። ደግሞ ቈረጠ፤ ደግሞ ከፈለች። በሦስተኛው ጊዜ የቀፎው ባለቤት ሽምግልናውን እምቢ ብሎ ወደ ፖሊስ ሄደ። ባለቤቱን ጨካኝ አልለውም። ሁለት ጊዜ ታግሦ ሦስተኛውን ለሕግ የሰጠ ሰው ከብዙዎቻችን ይሻላል።

ሕጉ በዚህ ልጅ ላይ የሚናገረው ቃል የሚያሳፍር አይደለም። የስዊስ አገር ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀውና ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለውን ሕፃን ከቅጣት ነፃ አድርጎ፥ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ላለው ደግሞ የተለየ ሥርዓት አውጥቶ ነበር። እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ይህንኑ ይዟል። ዳኛው ልጁን ሊገሥጸው፥ ከዘመዱ ወይም ከታመነ ሰው ዘንድ በክትትል እንዲያድግ ሊያዝ፥ ይህ ሁሉ የማይበቃ ሲሆን ደግሞ ወደ ጠባይ ማረሚያ ሊልከው ይችላል። በዚያም አጠቃላይ ትምህርት፥ የግብረ ገብ ትምህርትና የሙያ ትምህርት አግኝቶ በቅን ሥራ ለመኖር እንዲዘጋጅ አንቀጽ 162 ያዛል። ልጁ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ከሆነ ግን በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ቅጣቱን ማቅለል ወይም በወጣቶቹ ሥርዓት መጠቀም ለዳኛው የተተወ ነው። ስለዚህ የጌጫው ልጅ ማሩን የቈረጠው ሁለት ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ፥ ዕጣው በአንድ ዳኛ አስተያየት ላይ በተንጠለጠለ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36፥ በማረሚያ ወይም በመቋቋሚያ ተቋም የሚገኙ ወጣት ጥፋተኞች ከዐዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ደንግጓል።

ቃሉ እንዲህ ያማረ ሆኖ ሳለ ቤቱ ወዴት ነው? በአዲስ አበባ በልደታ የተቋቋመው የጠባይ ማረሚያ ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ውስጥ በዓይነቱ ብቸኛ ሆኖ ኖረ። ከጌጫ እስከ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ ምክንያት ዳኛው ልጁን እናቱ ልታየው ወደማትችልበት፥ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን የሚሰማ ወደማያገኝበት ሩቅ አገር መላክ፥ አለዚያም በቅርብ ካለው የዐዋቂዎች ማረሚያ ቤት በአንድ ጥግ ከተከለለ ክፍል ማስቀመጥ ነው። በግንብ የተከለለ ዐይን እንጂ ጆሮ አይደለም፤ ልጁ የጎልማሶቹን ወሬ ሲሰማ ያድራል። ያን ጊዜ ሙያ አይማርም ማለት አይቻልም። ይማራል፤ ነገር ግን የማንን?

አሁን ወደ ሦስቱ ሰዎች እንመለስ።

ተመልሶ እንዳይሰርቀን ነው የሚለው ሰው ማስረጃ አያጣም። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2013፥ ቀደም ብለው የተደረጉ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ፥ በእስር ሳሉ ትምህርት የተካፈሉት ወደ ጥፋት የመመለሳቸው ዕድል ካልተካፈሉት በ43 ከመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ጥናቱ ስለ ዐዋቂዎች ነው፤ አገሩም ሌላ ነው፤ ቢሆንም የሚናቅ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ነገ ሌላ ጥናት መጥቶ ትምህርቱ ምንም አልጠቀመም ቢል፥ ልጁን ሳናስተምር ከግንቡ ውስጥ ልንተወው ነውን? እንዲህ ከሆነ ያስተማርነው እርሱን አልነበረም፤ ለራሳችን ንብረት አጥር እያጠርን ነበር። ልጁም ሞኝ አይደለም፤ አጥር መደረጉን ያውቃል።

ምጽዋት ነው የሚለው ደግሞ ልቡ ከፊተኛው የለዘበ ነው። ነገር ግን ምጽዋት ሰጪው በወደደ ጊዜ የሚሰጠው፥ ባልወደደ ጊዜ የሚተወው ነው። በጀት ሲያንስ አስቀድሞ የሚቈረጠው የምጽዋት መደብ መሆኑን በመሥሪያ ቤት ለሚውል አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

የእኔ አሳብ፥ ሙያው ዕዳ ነው የሚል ነው። ዕዳው የሚጀምረውም ልጁን ከቤቱ ባወጣንበት ቀን ነው። ቋንቋችን ይህን ከእኛ አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል። ከሽማግሎች ዘንድ መቅጣት ማለት መግረፍና ማሰር ብቻ አይደለም፤ «የተቀጣ ልጅ» ሲሉ በሥርዓት ያደገ ማለታቸው ነው። እንቁላል ሰርቆ የጀመረው ሌባ በሬ ሰርቆ ሊሰቀል ሲወሰድ ለእናቱ «በእንቁላሉ በቀጣሽኝ» ማለቱን ያልሰማ የለም። ሰው ይህን ተረት ዱላን ለማመስገን ይጠቅሰዋል፤ እኔ ግን ባሰብሁት ቍጥር የልጁ ክስ ይታየኛል። ያላሳደገውን ሰው ነው የሚከሰው። ስድባችንም ቢሆን እንዲሁ ነው። ባለጌውን «አሳዳጊ የበደለው» እንለዋለን፤ በደለኛው አሳዳጊው መሆኑን በገዛ አፋችን እየመሰከርን፥ የምንጠየፈው ግን ልጁን ነው። መንግሥት አንድን የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ከእናቱ ነጥቆ በር ሲዘጋበት፥ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አሳዳጊው እርሱ ሆኗል። ልጁ ከሦስት ዓመት በኋላ ፊደል ሳያውቅ፥ እጁ ምንም ሳይለምድ ቢወጣ፥ አሳዳጊ የበደለው ተብሎ በሚሰደብበት ጊዜ ስድቡ የሚነካው ማንን ነው?

አሁን የሦስተኛው ሰው ጥያቄ ይመጣል፤ በዚህ ላይ ቶሎ ማለፍ አይገባንም። በዚያው በጌጫ፥ በዚያው ሠፈር፥ ማር ያልሰረቀ እኩያው አለ። ይህም ልጅ ትምህርቱን መጨረስ አልቻለም። ቡና ሲደርስ ወደ ቴፒ ወርዶ በቀን ሥራ ይለቅማል፤ መጋዝና መላጊያ ለመግዛት አቅም የለውም፤ ሙያ የሚያስተምረውም አላገኘም። ሰርቆ የታሰረው እኩያው ግን አናጢነት ተምሮ፥ የምስክር ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ቅኑ ልጅ፥ «እኔ ምን አጠፋሁ? አለመስረቄ ነውን?» ቢል ምን እንለዋለን?

እንግሊዞች በ1834 ባወጡት የድኾች ሕግ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ አገኘን ብለው ነበር። በመንግሥት እጅ የሚረዳው ሰው ኑሮ፥ በነፃነት ከሚሠራው ከመጨረሻው ድኻ ኑሮ ያነሰ ይሁን አሉ። ፍትሕ ይመስላል። በሥራ ላይ ሲውል ግን የመጨረሻው ድኻ የሚበላው ካጣ፥ ለታሰረው ከዚያ የባሰ ረኃብ መፈለግ ግድ ሊሆን ነው። ወደ ታች የሚሰፈር ፍትሕ መጨረሻው ጕድጓድ ነው።

ለቅኑ ልጅ እኔ የምሰጠው መልስ እንዲህ ነው። አንተ አባትህን ተከትለህ ወደ ቆቦው ትሄዳለህ። የትኛው ዛፍ ቀፎ እንደሚሸከም፥ በገመድ እንዴት እንደሚወጣ፥ ጢሱ ምን ያህል መሆን እንደሚገባው ማንም ደወል ሳይደውልልህ ትማራለህ። በበዓል ቀን ከሽማግሎች እግር ሥር ተቀምጠህ ነገር ትሰማለህ፤ ከጓደኛ ተጣልተህ ትታረቃለህ። የታሰረው ልጅ ያጣው ይህን ነው። እኛ አስረን ያቋረጥንበትን ትምህርት በሌላ ትምህርት እንተካለታለን እንጂ ሽልማት አንሰጠውም።

ይህ መልስ አባት ላለው ልጅ ይበቃ ይሆናል። አባትም ቆቦም ለሌለው፥ ሳይሰርቅ ተርቦ ላደገው ግን አይበቃም፤ ይህን ሳላምን ባልፍ አንባቢዬን ማታለል ነው። ለዚህ ልጅ ያለን ዕዳ ከታሰረው ዕዳ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ነገር ግን ለአንዱ ያልከፈሉትን ዕዳ፥ የሌላውን ዕዳ በመካድ መክፈል አይቻልም። በሥራ ሊደረግ የሚችለው፥ ማስተማሪያው ለሁለቱም አንድ እንዲሆን መጣር ነው። የቴክኒክና ሙያ መምህር ወደ ማረሚያ ቤቱ ሲሄድ ያንኑ ትምህርት በከተማው ላሉት ወጣቶችም ቢሰጥ፥ የብቃት ምዘናው አንድ ቢሆን፥ በምስክር ወረቀቱም ላይ የማረሚያ ቤቱ ስም ባይጻፍ፥ የቅኑ ልጅ ቅሬታ በብዙ ይቃለላል።

ስለ ሙያው ዓይነትም ጥቂት እንናገር። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1840 ዴሜ የተባለ ፈረንሳዊ ዳኛ በቱር ከተማ አጠገብ ሜትሬ በተባለ ሥፍራ ለወጣት ጥፋተኞች የእርሻ ሠፈር ከፈተ። ልጆቹ በየቤቱ እንደ ቤተ ሰብ ተከፋፍለው በእርሻና በልዩ ልዩ ሙያ ይሠሩ ነበር። ከብዙ አገር ሹማምንትና ሊቃውንት እየመጡ አደነቁት፤ በሌላም አገር ብዙዎች አርኣያ አደረጉት። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ግን በጭካኔው ተነቅፎ ተዘጋ። በልጅነቱ በዚያ ታስሮ የነበረው ዣን ዠኔ በኋላ ታላቅ ደራሲ ሆኖ ያንኑ ሥፍራ በመጽሐፍ ጽፎታል። ከዚህ ታሪክ እኔ የያዝሁት፥ ማሠራትና ማስተማር ከሩቅ ሲያዩአቸው መንታ ወንድማማች መምሰላቸውን ነው። ልጅ መሬት ሲቈፍር ያየ ጎብኚ ሙያ እየተማረ ነው ብሎ ይሄዳል፤ ምናልባት ግን የተቋሙን ጎመን ብቻ እየተከለ ይሆናል።

በእኛም የቡና አገር ይህ ፈተና ቅርብ ነው። ወጣቶቹን ለቡና ለቀማና ለአረም ማሰማራት ለተቋሙ ገንዘብ ያስገኝ ይሆናል፤ በሪፖርትም «የሠለጠኑ» ተብለው ይቈጠሩ ይሆናል። የጌጫ ልጅ ግን ቡና መልቀምን ከእናቱ ጀርባ ሳይወርድ ያወቀው ነው። የማያውቀው ቡናውን ከተለቀመ በኋላ ነው፤ መፈልፈያውን መጠገን፥ እሸቱን አጥቦ በአልጋ ላይ ማድረቅ፥ ጥራቱን መለየት። ማርም እንዲሁ ነው። ያ ልጅ በሌሊት ከረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ንብ ሳይፈራ ማር ቈርጧል፤ ይህ ጥፋት ነው፥ ነገር ግን ድፍረትና የእጅ ብልሃትም ነው። በዘመናዊ ቀፎ ንብ ማነብንና ማር ማጣራትን ቢያስተምሩት፥ ጥፋቱን የሠራባት እጅ ራሷ መተዳደሪያ ትሆነዋለች። ከዚህ ጋራ ፊደልና ሒሳብ የግድ ነው፤ መለካት የማይችል አናጢ፥ መዝኖ መሸጥ የማይችል ባለ ማር የሌላ ሰው ሎሌ ሆኖ ይቀራል።

አንድ አደጋ ግን አለ፤ ሲነገር ብዙ አልሰማሁም። በአገራችን የእጅ ሙያ ለብዙ ዘመን ተንቆ ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸማ የሚሠራው፥ ቆዳ የሚፍቀው፥ ሸክላ የምትሠራው ሁሉ በስድብ ይጠሩ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በሸካና በከፋም ማንጆ የተባሉት ወገኖች ከሌላው ሕዝብ ጋራ በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ሲከለከሉ መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ይህም ቁስል ፈጽሞ ድኗል ለማለት አያስደፍርም። በእንዲህ ያለ አገር ሙያን የእስረኛ ትምህርት አድርገን ለይተን ብናስቀምጠው፥ አናጢነቱ ልጁን ሊያከብረው ሲገባ እስሩ አናጢነቱን ያዋርደዋል። ወላጅም ልጁን ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ላክ ሲሉት፥ «ልጄ ምን አጥፍቶ?» ይላል። ማስተማሪያው ለሁሉ አንድ ይሁን ያልሁት ስለዚህም ጭምር ነው።

እንበልና ይህ ሁሉ ተደረገ፤ ልጁም ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው መላጊያውንና መሮውን ይዞ ወጣ። ወደ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሄዶ ቅጠሩኝ ይላል። ባለቤቱ ሥራውን ያያል፥ ይወድለታል፤ ከዚያም በአገራችን ዘበኛም ቢሆን ገንዘብ ያዥም ቢሆን ሲቀጠር የሚጠየቀውን ይጠይቀዋል፤ «ዋስ አለህ?» ይለዋል።

የነገሩ ሁሉ ቍልፍ በዚህች ቃል ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሙያ ሥራን ይሠራል እንጂ ዋስ መሆን አይችልም፤ ዋስ የሚሆነው ሰው ብቻ ነው። ባለ ሥራ ቤቱን ልንወቅሰው አንችልም፤ ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ነው፥ መሣሪያውም የልጆቹ እንጀራ ነው። እናቱ ዋስ እንዳትሆን የምታስይዘው ንብረት የላትም። ዘመዶቹ ያፍራሉ። እንግዲህ የቀረው አሳዳጊው ነው። ሦስትና አራት ዓመት የያዘው፥ ጠባዩን በየቀኑ ያየው፥ ታርሟል ብሎ ፈርሞ ያወጣው መሥሪያ ቤት፥ ዋስ ሁን ሲባል እጁን የሚሰበስብ ከሆነ፥ ታርሟል ያለውን ቃል ራሱ አላመነውም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ባልንጀሮቼ ሹማምንት እንደሚቈጡ ዐውቃለሁ። ደግሞ ቢሰርቅስ? መንግሥት የሌባ ዋስ ሆኖ ይክፈል? አዎን፥ ይክፈል። የማይከፍል ዋስ ዋስ አይባልም። ለመጀመሪያው አንድ ዓመት፥ በተወሰነ ገንዘብ፥ ከማረሚያው የወጣ ወጣት ቢያጠፋ ለቀጣሪው የሚተካ ጥቂት ገንዘብ በየዞኑ ቢመደብ፥ ልጁን መልሶ አስሮ ከመቀለብ የሚበልጥ ወጪ አይመስለኝም። በወጪ ቢበልጥም እንኳ አሳቤን አልለውጥም፤ ዕዳ ነው ብያለሁና።

ከገንዘቡ ጋራ ደግሞ ሰው ያስፈልጋል። ልጁ ከመውጣቱ ከጥቂት ወራት በፊት ወደ ጌጫ ሰው መላክ፥ ሽማግሎቹን መሰብሰብ፥ የቀፎውንም ባለቤት መጥራት ይገባል። ያ ሰው ተበድሏል፤ ልጁ ታስሮ በከረመበት ዘመን ሁሉ ስለ በደሉ የጠየቀው ማንም የለም፤ ፍርዱ ሲሰጥ ወደ ቤቱ ሂድ ብለው አሰናበቱት እንጂ። ካሣውን ልጁ በገዛ እጁ ሥራ ቢከፍለው፥ ለምሳሌ ሁለት ዘመናዊ ቀፎ አበጅቶ ቢሰጠው፥ በአገሩ ልማድ ዕርቅ ይሆናል። ይቀበለው አይቀበለው እንደ ሆነ ግን ከዚህ ከተማ ሆኜ ልናገር አልችልም። የመቀበልም የመመለስም መብት የእርሱ ነው።

ልጁ መንገዱን ጨርሶ ጌጫ የሚደርሰው ምናልባት ወደ ማታ ይሆናል። ዝናብ ይዘንብ ይሆናል፤ በዚያ አገር ዝናብ ብዙ ነው። ሣጥኑን በትከሻው ተሸክሞ ከመኪናው ይወርዳል። በዚያች ሌሊት ከማን ቤት እንደሚያድር አስቀድሞ የጠየቀ፥ ስሙንም በመዝገብ የጻፈ አንድ ሠራተኛ በየትኛው ቢሮ አለ?